ድንጋጤ የማይችል ዘር

የሎጋዎቹን ቤት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ወንዱም ሴቱም በበር ሲገባ ጎንበስ፣ ሲወጣ ጎንበስ ነው። ቁመታቸው ለጉድ ነው፤ ክንዳቸው ረጅም፣ ጣታቸው ቀጭን፣ ደረታቸው መሃሉ ላይ ሰርጎድ ያለ። ስሙ የወጣላቸው ለሙገሳ ስለነበር እነሱም እንደ ክት ልብስ ለብሰውት ይዞራሉ። ከነሱ አንዱን ያገባችው ልብስ ሰፊ ግን ከስሙ በፊት ልኩን ነው ያወቀችው። አናጢው ሎጋ በወጣትነቱ ሱሪ ሊያሰፋ ጨርቅ ይዞ ሱቋ ገባ። ሜትሯን ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዘርግታ ቀና አለችና፣ "ይኼ ጨርቅ አይበቃህም" አለችው።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ወይ ጨምር፣ ወይ እጠር።"

ማጠሩ ስላልሆነለት ጨርቅ ሊጨምር ተመላለሰ። ሲመላለስም ተጋቡ።

ሙሽርነቷ ሳያልቅ አማቷ አንድ ቀን ወደ ጓዳ ጠሯት። አማቷ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ቤቱን ብቻቸውን ቀጥ አድርገው የያዙ፣ አጭር፣ ደንዳና፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሴት ናቸው። በሩን ገፋ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

"ልጄ፣ እዚህ ቤት አንድ ሥርዓት አለ። ክፉ ወሬ ሲመጣ ለነሱ አይነገርም።"

"ለነማን?"

"ለደሙ ነዋ! ከዚህ ዘር ለተወለዱት። ድንጋጤ አይችሉም። ወሬው መጀመሪያ የሚመጣው ለኛ ነው፤ ተጋብተን ለመጣነው። እኛ እንሸከመውና ቀስ እያልን እናወርደዋለን። እኔና አንቺ ባዕድ ነን፤ ልባችን ጠንካራ ነው።"

አወራረዱንም አስተማሯት። አንድ ሰው ሲሞት ለሎጋዎቹ በመጀመሪያ "ትንሽ አመመው" ይባላል። ከዚያ "ጠና አለበት"፣ ከዚያ "ሆስፒታል አስተኝተውታል" እየተባለ ይዘለቃል። እንዲያውም አንድ የሩቅ አጎታቸው ተቀብሮ ካበቃ በኋላ ብዙ ቀን፣ "ዛሬስ ሾርባ ቀመሰ" እየተባለለት ቆይቷል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት፤ አማቷ ግን አልሳቁም። ውሎ አድሮ እሷም ለመደችው። ዝም አይነቅዝም ትል ጀመር።

ነገሩ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። የሎጋዎቹ ዘር ድንገት ይሞታል፤ ድንገት ለሞተው ሁሉ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አያትየው የጣሪያ እንጨት ብቻቸውን አንስተው ዋሉና ሞቱ፤ ሸክም ገደላቸው ተባለ። የአናጢው አባት ከጎረቤት ጋር በአጥር ተጣልቶ እየተንቀጠቀጠ ቤቱ ገባ፤ ቀኑ ሳይመሽ ሞተ። እሱን ንዴት ገደለው። ጎረቤትየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ነፍሰ ገዳይ ሆነ፤ ሁለቱ ቤቶችም እሳት አይጫጫሩም። የአናጢው አክስት በወለደች ማግስት ሞተች፤ ወሊድ ገደላት፤ አዋላጇ ተረገመች። የአክስትየውን መርዶ በር ላይ የሰማው ወንድሟ ደግሞ እዚያው በቆመበት ወደቀ። ይኼኛው ድንጋጤ ገደለው፤ ሥርዓቱም የወጣው ያን ጊዜ ነው። መቼም ሰው ያለ ምክንያት አይሞትም ብሎ የሚያምን ቤት ምክንያት አያጣም። ታሪኮቹ ይተረካሉ፣ ያስለቅሳሉ፤ ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቀን ነው የሚተረኩት። አራቱን በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሰው አልነበረም።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ልብስ ሰፊዋ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቷም በአባቷ ወጥታ መለሎ ሆነች፣ ተምራ የስፖርት መምህርት ሆነች፣ መረብ ኳስ ስትዘል ለሚያያት የምትበር ትመስላለች። ልትዳርም ቀን ተቆረጠላት። በዚህ መሃል ነው የአናጢው ታናሽ ወንድም ነገር የመጣው።

ይህ ዋርሳዋ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከወንድማማቾቹ ሁሉ ቀልደኛው እሱ ነበር፤ "እኔን አውቶቡሱ አይደለም የሚያጥረኝ፣ መንገዱ ነው" ይል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተሳፋሪ አራግፎ ሲወርድ የመኪናውን በር እንደያዘ ቀረ። "ጀርባዬ... የሆነ ነገር ተቀደደ" አለ። ባልደረቦቹ ሆስፒታል አደረሱትና ስልክ ደወሉ፤ የራሱ ሚስት ልጆቿን ይዛ ዘመድ ጥየቃ ክፍለ ሀገር ስለነበረች፣ የቤቱንም ሥርዓት ስለሚያውቁ፣ ለወንድሙ ሳይሆን ለወንድሙ ሚስት። ልብስ ሰፊዋ እጅጌ መኪናው ላይ እንዳለ ጥላ ሮጠች።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ከኦፕራሲዮን ክፍል ስትወጣ ፊቷ ወሬዋን ቀድሞ ተናግሯል።

"አልተረፈም። አዝናለሁ። እርስዎ ምኑ ነዎት?"

"የወንድሙ ሚስት ነኝ።"

"የሥጋ ዘመድ የለውም?"

"ሞልቶታል። ግን ለነሱ አይነገርም፤ ድንጋጤ ይገድላቸዋል።"

ሐኪሟ አግዳሚው ወንበር ላይ አብራት ተቀመጠች። ከልብ ወጥቶ ደም ለመላው አካል የሚያከፋፍለው ትልቁ የደም ሥር አኦርታ እንደሚባል ነገረቻት። የሹፌሩ አኦርታ ግድግዳው ስስ ሆኖ፣ ሳይታወቀው ዓመት ከዓመት እየተለጠጠ ቆይቶ ነበር፤ ዛሬ ተቀደደ።

"ነትቦ እንደኖረ ጨርቅ?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"እንደሱ። ይህ ደግሞ በዘር የሚወርድ ነው። ቁመቱን፣ የጣቶቹን ርዝመት አይቻለሁ። በቤተሰቡ ድንገት የሞተ ሌላ ሰው አለ?"

"ብዙ አለ። ግን አንዱ በሸክም ነው፣ አንዱ በንዴት፣ አንዷ በወሊድ፣ አንዱ በድንጋጤ።"

"እስቲ ይጠይቁልኝ፤ ከመሞታቸው በፊት የት ነበር ያመማቸው? ለማንኛውም ወንድሞቹና እህቶቹ፣ ልጆቻቸውም ሁሉ ልባቸው በአልትራሳውንድ ይታይ። አያምም፣ አይከብድም። ሁሉም ላይ አይወርድም፤ ከወላጆቹ አንዱ ያለበት ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ያለበትም ቀድሞ ካወቀው መድኃኒት አለው፤ ሳይቀደድ በፊት ይጠገናልም። ካላወቀው ግን ነገሩ እንዳዩት ነው።"

ተከትለዋት የመጡት አማቷ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። እንግዲህ ባዕድ ነኝ፣ ልቤ ጠንካራ ነው ያሉት ሴት ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸውን መርዶ ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ሰሙ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ጨመሩት እንጂ ድምፅ አላወጡም። ሁለተኛውን ወሬ ሲሰሙ ግን የምራታቸውን እጅ ጨምድደው ያዙ።

"ይኼኛውን አታውርጂው።"

"እማማ፣ ይመርመሩ ነው እኮ የተባለው..."

"አንዱን ልቀብር ነው። የቀሩትን በወሬ ልግደል? ባልሽ ይህን ሰምቶ የሚተርፍ ይመስልሻል? ዝም በይ አልኩሽ፤ ከኔ ጋር ይቀበር።"

ልብስ ሰፊዋም ዝም አለች። አማቷን ፈርታ ብቻ አይደለም፤ ባሏን ትወደዋለች፤ ነግራው ቢወድቅ በገዛ አፏ ገደለችው ማለት ነው። ሐዘኑ ሲበርድ የልጅቷ ሠርግ ተደረገ። እናትየው ቬሉን በእጇ ሰፋች። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ስትጨፍር፣ ሁለቱ ሎጋዎች ከሰው ሁሉ በላይ ብቅ ብለው ሲስቁ፣ እሷ ፈገግ ብላ ውስጧ ይቃጠል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሌላውን በሽታ ከራሱ ከታማሚው ስለደበቀ ሰው ግን ተረቱ የሚለው ነገር የለም።

ዝምታው ሲያንቃት ዘዴ ፈለገች። ለባሏ "ደረቴን ይወጋኛል፣ ሆስፒታል አብረኸኝ ሂድ" አለችው። ሐሳቧ፣ እዚያ ከደረሱ ወዲያ "እግረ መንገድህን አንተም ታይ" ልትለው ነው። አናጢው ሥራውን ጥሎ፣ ቀለሙ ገርጥቶ፣ የኮሪደሩን ወለል ሲለካ ዋለ። አልትራሳውንዱን የሚያነሳው ሰው እሷን አየና፣ "ልብዎ የወጣት ነው" አላት። ባሏ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ።

"በል እንግዲህ አንተም ታይ፤ ከመጣን አይቀር።"

"እኔ ምን ሆንኩና? ያንቺ ደህና ከሆነ የኔም ደህና ነው!" ብሎ ክንዷን ይዞ አስወጣት። ደስታው ከልክ አልፎ በማግስቱ አንድ የእንጨት በር ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ወጣ። ከሁለቱ መታየት የማያስፈልጋት ልብ የሷ ነበረች፤ የታየችውም የሷ ብቻ ሆነች።

እንዲህ እያለች ሳለ ልጅቷ አንድ ጠዋት ሱቅ መጣች። ቀሚስ ይዛለች።

"እማዬ፣ ወገቡን አስፊልኝ።"

"ወፈርሽ እንዴ?"

ልጅቷ ሳቀች። እናትየው ገባት። ተነስታ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፤ ከደስታው ጋር ግን የአክስትየው ታሪክ አብሮ መጣ፤ በወለደች ማግስት የሞተችው። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ሱቁን ቆለፈችና በቀጥታ ወደ ሐኪሟ ሄደች።

"ብነግራቸውና አንዱ ቢወድቅብኝስ?" አለቻት።

"እኔ ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ። ያለቀሰ አለ፣ የሰደበኝ አለ፣ ወንበር የወረወረብኝም አለ። ስለነገርኩት የሞተብኝ ግን የለም። አስቀምጠው፣ ረጋ ብለው ይንገሯቸው፤ ግን ሙሉውን። ልጅዎን ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይሉ ያምጧት። እርግዝና ያን የደም ሥር ይፈትነዋል።"

እሑድ ከምሳ በኋላ ሁሉም አማቷ ቤት ተሰበሰቡ፤ ባሏ፣ የባሏ ታላቅ እህት፣ የሟቹ ሹፌር ሚስትና ልጆቿ፣ ልጅቷና ባሏ። አማቷ የምራታቸውን ዓይን አዩና ነገሩ ገባቸው። "አንቺ!" አሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን መርዶ አልጀመረችም። ጥያቄ ጠየቀች።

"እስቲ አያታችሁ እንዴት ነበር የሞቱት?"

የባሏ እህት ተረት ትወዳለች። "ሸክም ነዋ! ያን የጣሪያ እንጨት..." ብላ ቀጠለች።

"ከመሞታቸው በፊት የት አመመኝ አሉ?"

"ጀርባዬን አሉ ይባላል። በትከሻና በትከሻቸው መሃል።"

"አክስታችሁስ?"

"እሷማ ወሊድ ነው። ግን እሷም ጀርባዬን፣ ጀርባዬን ስትል ነበር። የወለደች ሴት ወገቧን ያማታል ተብሎ ታለፈ እንጂ።"

የአባትየውን የሚያውቁት አማቷ ብቻ ናቸው። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ማንንም ሳያዩ ተናገሩ።

"ጀርባዬን እሺኝ አለኝ። እዚህ ጋ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል። እያሸሁት ሞተ።"

የቀረው አጎትየው ነው፤ መርዶ ሰምቶ የወደቀው። የባሏ እህት ያን ቀን ትንሽ ልጅ ሆና በሩ ላይ ነበረች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

"ከሥራ ያለ ሰዓቱ ነበር የመጣው። ጀርባውን ይዞ ግንቡን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ምን ሆንክ ብዬው መልስ ሳይሰጠኝ ነው ጎረቤት መጥታ መርዶውን የነገረችው።"

"ታዲያ ሳይነገረው በፊት ነዋ የታመመው!" አለች ልጅቷ።

ይህን ጊዜ አማቷ "ወይኔ" አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። ቤቱን ሙሉ ዘመን ዝም ያሰኘው ሥርዓት የተሠራው በዚያ ሰው አወዳደቅ ላይ ነበር፤ ማንም ደግሞ ያችን በር ላይ የቆመች ልጅ ጠይቋት አያውቅም።

ልብስ ሰፊዋ ከዚህ በኋላ ያለውን በሙሉ ነገረቻቸው። አኦርታ ምን እንደሆነ፣ ሹፌሩ በምን እንደሞተ፣ ማን ማን መታየት እንዳለበት። እየተናገረች ዓይኗን ከባሏ ላይ አላነሳችም። ሎጋው ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ሰማ። አልወደቀም። ማንም አልወደቀም። ልጅቷ ናት የተነሳችው፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ።

"እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"አጎትሽ ከሞተበት ቀን ጀምሮ።"

"ሳገባ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሜዳ ላይ ስዘል፣ ልጅ ልወልድ ነው ስልሽ፣ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር ልጄ።"

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እናትየው አልተከተለቻትም፤ ምክንያት አልደረደረችም። አፈረች።

ሁሉም ታዩ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ የአናጢው እህት ነፃ ሆነች፣ አናጢው ግን አኦርታው ሰፍቶ ተገኘ። መድኃኒት ተሰጠው፣ ሸክም ተከለከለ። በር የሚያነሱለት ሌሎች ሆኑ፤ እሱ ቆሞ "ቀስ! ቀስ!" እያለ ነፍሳቸውን ያወጣል። ከሹፌሩ ልጆች ታላቁ ላይ ተገኘበት፣ ታናሿ ተረፈች። ልጅቷም አለባት፤ ገና ብዙ አልሰፋም፤ እስክትወልድ በየጊዜው እየመጣች እንድትታይ ተነገራት። ከአባቷ ጋር በአንድ ቀን ቀጠሮ እያስያዙ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ የማን ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ እንደ ጫማ ቁጥር ይነጋገራሉ። ከእናቷ ጋር ግን ሰላምታ ብቻ ነው።

አማቷም አንድ ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው የነፍሰ ገዳዩን በር አንኳኩ። እሱም አርጅቷል። "ባሌን አንተ አይደለህም የገደልከው፤ ደም ሥሩ ነው። ይቅር በለኝ" አሉት። ሰውዬው በሩን እንደያዘ አለቀሰ። እሱም እስከዚያ ቀን ድረስ የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ ያምን ነበር።

የልጅቷ መውለጃ ቀን በሐኪሞች ተቆረጠ፤ ምጥ ሳይመጣ በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ነው። ጠዋት አልጋዋን እየገፉ ሲያስገቧት እናቷን በጣቷ ጠራቻት። ከዚያ እሑድ ወዲህ በፈቃዷ ስትጠራት የመጀመሪያዋ ነው።

"እማዬ፣ የሆነ ነገር ከመጣ ለአባዬ እየቆራረጥሽ እንዳትነግሪው። አንዴ ንገሪው።"

"እሺ ልጄ።"

በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ተደረደረ። ለማንም ቀልድ አልመጣለትም። ልብስ ሰፊዋ እጇ ሥራ ፈትቶ የቀሚሷን ጠርዝ ይፈትላል። በመጨረሻ አንዲት ሌላ ሐኪም በሩን ከፍታ፣ ጭምብሏን ሳታወርድ "ቤተሰቧ ማነው?" አለች። በልማድ የሁሉም ዓይን ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ፤ እሷም በልማድ ልትነሳ ተንቀሳቀሰች።

ሎጋው ግን እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ መልሶ አስቀመጣትና ተነሳ። "አባቷ እኔ ነኝ። ለኔ ይንገሩኝ" አለ።

ሐኪሟ ወደ ጆሮው ለመድረስ ቀና ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው። ልብስ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት የባሏን ጀርባ ብቻ ነው የምታየው። ዕድሜዋን ሁሉ ወሬ ቀድማ ስትሰማ፣ ሌላው ፊቷን እያየ ሲጠብቅ ኖራለች። መጠበቁ እንዲህ እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሎጋው ዞሮ ሲመጣ ጉንጩ ርሷል፤ ከደስታ ይሁን ከሌላ ልትለየው አልቻለችም።

"ንገረኝ እንጂ!" ብላ ጮኸችበት።

"ሴት ናት" አለ። "ሁለቱም ደህና ናቸው። ልጃችን ደም ፈሷታል፣ ዛሬን ከሐኪሞቹ ክፍል አትወጣም፤ እስከ ነገ ደህና ናት ብለው አይለቋትም። ሕፃኗም ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው፤ ልቧ ይታያል ብለውኛል።"

አንድም ነገር አላስቀረባትም።